ቀይ ወይን እንዴት ይቀመሳል? ጠጅ ለሚያውቅ ሰው የተጻፈ ማብራሪያ

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ባህር ዳር የዘመድ ሠርግ ነበረን። ድንኳኑ ውስጥ በየጠረጴዛው ሁለት ሁለት ጠርሙስ ቀይ ወይን ከጠዋት ጀምሮ ተደርድሯል። ምሳ ሲቀርብ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ጠርሙሱን ስነካው ሞቋል። ከደብረ ማርቆስ የመጡት አጎቴ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጅ እያማረጡ የኖሩ ሰው ናቸው፣ አንዴ ተጎነጩና ብርጭቆውን ቀስ አድርገው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። "ልጄ፣ ይሄ ያቃጥላል፤ ደሞ አፌን አሰረው" አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጠው ጎረምሳ ኮካ ቀላቀለላቸው። ጠጡት።

አጎቴ የተናገሩት ሁለቱም ነገር ልክ ነበር። ያቃጠላቸው በሙቀቱ የተነሳ ጎልቶ የወጣው አልኮል ነው። አፋቸውን ያሰረው ደግሞ ከወይን ቆዳና ዘር የሚወጣ ታኒን የሚባል ነገር ነው። ወይኑ ግን አልተበላሸም ነበር፤ አቀራረቡና አብሮት የቀረበው ምግብ ናቸው የጎዱት። ያንኑ ወይን ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ፍልሰታ ከተፈታች በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ እሳቸው ቤት ከፍተነው ሌላ መጠጥ ሆኖ አገኘነው።

በየሠርጉና በየልደቱ ወይን መቅረብ ከጀመረ ቆይቷል፤ እንዴት እንደሚቀርብ ግን የነገረን የለም። ስለዚህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ጥያቄዎች ይዤ አንድ በአንድ ልሂድባቸው። ጠጅ የምታውቁ ከሆነ ብዙው ነገር አዲስ አይሆንባችሁም።

"ከራሱ እርሻ የተመረተ" ማለት ምን ማለት ነው?

አንዳንድ ጠርሙስ ላይ "ኤስቴት" የሚል ቃል ታያላችሁ። ወይኑን ያመረተው ድርጅት ፍሬውን ከሌላ ሰው አልገዛም ማለት ነው። ራሱ ተክሎ፣ ራሱ ለቅሞ፣ ራሱ ጨምቆና አብላልቶ አሽጎታል። አሜሪካ ውስጥ "ኤስቴት ቦትልድ" ብሎ ለመጻፍ ፍሬው መቶ በመቶ ድርጅቱ በያዘው ወይም በሚቆጣጠረው መሬት ላይ የበቀለ መሆን አለበት፤ ሕግ ነው። ፈረንሳዮች ደግሞ "በሻቶ የታሸገ" ብለው ይጽፋሉ። ሻቶ የሚሉት እርሻውና መጥመቂያው አንድ ላይ ያሉበትን ይዞታ ነው።

ለእኛ ለጎጃሞች ይህን ለመረዳት ማርን ማሰብ ይበቃል። አንዲት ሴት ከጓሮዋ ቀፎ በተቆረጠ ማር ጠጅ ስትጥል ማሩ የአደይ ይሁን የመጭ፣ ኅዳር ላይ ይቆረጥ ግንቦት ላይ፣ እሷ ታውቀዋለች። ከገበያ ማር የምትገዛዋ ግን ከስንት ቀፎ እንደተቀላቀለ፣ ስኳር ይግባበት አይግባበት፣ በሻጩ አፍ ነው የምታምነው። ከራሱ እርሻ የሚያመርት ወይን ጠማቂም እንደ መጀመሪያዋ ሴት ነው። ትልቁ ጥቅም የለቀማውን ቀን ራሱ መወሰኑ ላይ ነው። ወይን ሲበስል ስኳሩ በየቀኑ ይጨምራል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። የጥቂት ቀን መዛነፍ ጣዕሙን ይለውጠዋል። ከተለቀመ በኋላም ፍሬው ፀሐይ ላይ ረጅም መንገድ ከተጓዘ መበላሸት ይጀምራል፤ መጥመቂያው እርሻው ውስጥ ከሆነ ግን ወዲያው ይጨመቃል።

ይህ ሁሉ ግን የጥራት ማረጋገጫ አይደለም። የራሷ ቀፎ ኖሯት ጠጅ የማይሆንላት ሴት አለች። ቃሉ የሚነግራችሁ ፍሬው ከየት እንደመጣና ተጠያቂው ማን እንደሆነ ብቻ ነው።

በአገራችን ለዚህ አሠራር ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ዝዋይ፣ ባቱ ያለው የካስቴል እርሻ ነው። የፈረንሳይ ድርጅት ነው። የወይን ችግኞቹን ፈረንሳይ ካለችው ከቦርዶ አምጥቶ ተክሎ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ገበያ ላይ አወጣ። ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉት የሱ ናቸው። እርሻው ዙሪያ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ቦይ ተቆፍሯል። ፈረንሳይ ያለ ወይን ገበሬ ይህን ጣጣ አያውቀውም።

ለምን ዝዋይ፣ ለምን ጣና ዳር አልሆነም ብሎ የሚጠይቅ አለ። ዋናው ነገር ዝናብ ነው። ወይን ሲበስል ዝናብ አይወድም፤ ቅጠሉንም ፍሬውንም ሻጋታ ይበላዋል። ባህር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛው በክረምት የሚወርድ። ዝዋይ የሚዘንበው የዚያ ግማሽ አካባቢ ነው። ለጤፋችንና ለበቆሏችን በረከት የሆነው ዝናብ ለወይን ይበዛበታል።

ቀይ የሆነው ቀለም ተጨምሮበት ነው?

አይደለም። የጥቁር ወይን ፍሬ ልጣችሁ ብታዩት ውስጡ ነጭ ነው፤ ጭማቂውም ቀለም የለውም ማለት ይቻላል። ቀለሙ ያለው ቆዳው ላይ ነው። ቀይ ወይን ለመሥራት ጭማቂው ከነቆዳው፣ ከነዘሩ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት አብሮ ይቆያል። በዚህ ጊዜ እርሾ ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። አንድ ፐርሰንት አልኮል ለማግኘት በሊትር ወደ 17 ግራም ስኳር ያስፈልጋል፤ 12.5 ፐርሰንት ለመድረስ ጭማቂው በሊትር ከ200 ግራም በላይ ስኳር ይዞ መነሳት አለበት ማለት ነው። ብርዙ ጠጅ እስኪሆን የሚሄድበት መንገድ ራሱ ነው፤ ማሩ በወይን ስኳር ተተካ።

ታኒንም ከቀለሙ ጋር ከቆዳና ከዘር ይወጣል። ታኒን ጣዕም ሳይሆን ስሜት ነው። ያልበሰለ ሙዝ የነከሰ ሰው፣ ወይም ምድጃ ላይ ተረስቶ የከረረ ሻይ ያለ ስኳር የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ምላስና ድድ ሻከር ይላል፣ አፍ ይደርቃል። ምክንያቱ ታኒን ምራቃችን ውስጥ ያለውን አለስላሽ ፕሮቲን ስለሚይዘው ነው። ይህን ልብ በሉት፣ ምግብ ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል።

"ደረቅ ወይን" ሲባል ምኑ ነው የደረቀው?

ስኳሩ። ጠጅ ቤት ገብቶ "ደረቅ ነው ለስላሳ?" ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ደረቅ ጠጅ ማለት እርሾው ማሩን በልቶ የጨረሰው፣ ጣፋጭነቱ የጠፋ፣ ጠንከር ያለ ጠጅ ነው። ወይንም እንዲሁ ነው። ደረቅ ወይን የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ4 ግራም በታች ስኳር የቀረበት ነው። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ምርቶች ጉደር ደረቅ ቀይ ነው፣ አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ።

አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ጣፋጭ የሚወድ ሰው "ወይን አያውቅም" ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ አልቀበለውም። ችግር የሚመጣው ጣፋጭ ጠብቆ ደረቁን ሲገዛ ነው፤ ያኔ ይኮመጥጠዋል፣ ወይኑ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ የምትጠይቁት ዋጋውን ሳይሆን "ደረቅ ነው ጣፋጭ?" የሚለውን ይሁን።

ቀይ ወይን የሚጠጣው "በክፍል ሙቀት" አይደል?

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልናገር፤ ሠርጉን ያበላሸው ይኸው ነውና። "በክፍል ሙቀት" የሚለው ምክር የመጣው ከአውሮፓ ነው፤ ያውም ቤቱ በደንብ ከማይሞቅበት ከድሮው ዘመን። የዚያን ጊዜው ክፍል ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ነው። ሚያዝያ ላይ ባህር ዳር ያለ ሳሎን ከሰዓት በኋላ 27 እና 28 ዲግሪ ይደርሳል። ድንኳን ከሆነማ አታንሱት።

ቀይ ወይን ሲሞቅ አልኮሉ ቶሎ ይተንና አፍንጫ ይወጋል። የፍራፍሬው ሽታ ይሸፈናል፣ ጉሮሮ ላይ ያቃጥላል። በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሽታው ይዘጋል፣ የታኒኑ ሸካራነትና መራራነቱ ጎልተው ይወጣሉ። መሃሉ ነው የሚፈለገው። ከበድ ያለ ደረቅ ቀይ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ቀለል ያለው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ላይ ደስ ይላል። ጣፋጭ ቀይ ከዚህም ቀዝቀዝ ቢል አይጎዳም።

ጎጃም ለዚህ ሁለት ዓይነት አገር ናት። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምት ላይ ጠርሙሱን ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጣችሁ ማውጣት ብቻ ነው፣ ቤቱ ራሱ ልኩን ጠብቆላችኋል። ባህር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ በበጋ ፍሪጅ ግድ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ አውጥታችሁ ክፈቱት። ሲያድር ፍሪጅ ውስጥ ከነበረ ደግሞ ከምግቡ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡት፤ ሙቀት ባለበት አገር ሳትጠብቁት ራሱ ይሞቃል።

መብራት ከጠፋስ? እናቶቻችን ውሃ በእንስራ የሚያቀዘቅዙበትን ዘዴ ተጠቀሙ። እንስራው በጥቂቱ ያዣል፣ ውሃው ከላዩ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ጠርሙሱን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት፣ ፎጣው ሲደርቅ አርጥቡት። ከጥር እስከ ሚያዝያ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በደንብ ይሠራል። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ነው፣ ያን ያህል አይረዳም፤ ግን ክረምት ላይ ማን ይፈልገዋል?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያስበውን። ወይናችን አብዛኛው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ወርዶ፣ ዓባይ በረሃን አቋርጦ፣ ደጀን ላይ የሚወጣው። እኩለ ቀን ላይ በበረሃው ሲያልፍ የመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ ያለ ጠርሙስ በጣም ይሞቃል። ወይን ከ30 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ፍሬነቱ ይጠፋና የተቀቀለ ነገር ይሸታል፤ አንዳንዴ ፈሳሹ አብጦ ቡሹን ይገፋዋል። ይዛችሁ ስትመጡ ጠርሙሱን ኮፈን ውስጥ አትክተቱት፣ እናንተ ጋ ይቀመጥ። ከተቻለ ዓባይን በጠዋት እለፉት። ሱቅ ስትገዙም ቡሹ ወደ ላይ ያበጠ ወይም ከአናቱ ያፈሰሰ ጠርሙስ ተዉት፤ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው ወራት የቆየውንም እንዲሁ።

ታዲያ እንዴት ይቀመሳል?

አስተናጋጁ ለአንድ ሰው ብቻ ጥቂት ቀድቶ ለምን እንደሚጠብቅ ግራ የሚገባው ብዙ ነው። የእኛም አሳላፊ ጠጁን እንግዳ ፊት ቀድማ እጇ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ ነበር፤ ደህና መሆኑን ለማሳየት። በወይን ላይ ይህን የሚያደርገው ጋባዡ ነው። የሚጠየቀው "ወደዱት ወይ?" ተብሎ አይደለም፣ "አልተበላሸም ወይ?" ነው። የተበላሸ ወይን በሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው እርጥብ ካርቶን ወይም የሻገተ ጨርቅ የሚሸት ነው፤ ይህ የሚመጣው ከተበከለ ቡሽ ነው። ሁለተኛው አቼቶ አቼቶ የሚለው ነው፣ አየር ገብቶበት የኮመጠጠ ማለት ነው። ሁለቱንም መልሱ፣ ነውር የለውም።

ከዚያ ብርጭቆው። ብርሌ ለጠጅ የሚመች አንገተ ጠባብ ነገር ነው፣ ግን አፍንጫ አያስገባም። ለወይን ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይሻላል፤ ሽታው ሆዱ ውስጥ ይጠራቀምና ጠባቡ አፍ ይይዘዋል። ሲሶውን ብቻ ቅዱ። እስከ አፉ መሙላት ለእንግዳ አክብሮት እንደሆነ አውቃለሁ፣ እዚህ ላይ ግን ለሽታው ቦታ መተው ነው አክብሮቱ። እግር ያለው ብርጭቆ ከሌላችሁም ተራ የውሃ ብርጭቆ ሲሶ ድረስ ቀድታችሁ ተጠቀሙ።

ቀለሙን ነጭ ነገር ላይ እዩት፣ የነጠላ ጫፍም ይሆናል። ወደ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያደላ፣ ደማቅ ከሆነ ወጣት ነው። ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ከሄደ ቆይቷል። ብርጭቆውን ስታዞሩት ግድግዳው ላይ የሚወርደው እንባ የሚመስል ነገር የጥራት ምልክት አይደለም። አልኮሉ ሲተን የሚፈጠር ነው፤ ብዙ እንባ ያለው ብዙ አልኮል አለው፣ በቃ።

አዙሩት፣ ከዚያ አሽትቱ። እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሸማቀቀው። የውጭ ጽሑፎች በማናውቀው ፍራፍሬ ስም የተሞሉ ናቸው፤ አይተነው የማናውቀውን ፍሬ ሽታ ከየት እናምጣ? የራሳችን አለን። አጋም፣ ዶቅማ፣ እንጆሪ፣ ፕሪም። ሜርሎ የሚባለው የወይን ዓይነት ብዙ ጊዜ የበሰለ ፕሪም ይሸታል። ካበርኔ ሶቪኞ ጥቁር ፍሬ፣ ከሥሩ ደግሞ ቃሪያ ይሸታል፤ ቃሪያው ምሳሌ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ፒራዚን የሚባለው ሽታ ሰጪ ንጥረ ነገር ቃሪያም ውስጥ ወይኑም ውስጥ አለ። ሲራ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል፣ እሱም እውነት ነው፤ ሮተንዶን የሚባል አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ሁለቱም ውስጥ ይገኛል። የሚገርመው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ይህን ሽታ ጨርሶ ማሽተት አይችልም። ስለዚህ ጎረቤታችሁ "ቁንዶ በርበሬ" ሲል እናንተ ምንም ካልሸተታችሁ አትከራከሩ፣ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ቅርንፉድ፣ ቫኒላ፣ ጭስ ከሸተታችሁ ደግሞ ወይኑ በኦክ እንጨት በርሜል ቆይቷል ማለት ነው። በርሜል ሲሠራ ውስጡ በእሳት ይጠበሳል። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ የጠላ ጋን በወይራ የምናጥነው ለምን ሆነና? ያልታጠነ ጋን ጠላና የታጠነ ጋን ጠላ የሚለይ ሰው በርሜል የገባበትን ወይን ይለያል።

አሁን ጎንጨት አድርጉ፣ ግን ወዲያው አትዋጡ። አፍ ውስጥ አንዴ ወዲያ ወዲህ አድርጉትና አራት ነገር ጠይቁ። ጣፋጭ ነው? ምራቅ ያመጣል? ምራቅ ካመጣ ኮምጣጣነቱ ነው፣ ሎሚ እንደማየት። አፍ ያስራል? ያ ታኒኑ ነው። ጉሮሮ ያሞቃል? ያ አልኮሉ ነው። ከዋጣችሁ በኋላ ጣዕሙ ምን ያህል አብሯችሁ ይቆያል? በግሌ ከሁሉ በላይ የማምነው ይህን የመጨረሻውን ነው። ቶሎ የሚጠፋ ወይን አለ፣ አረፍተ ነገር ተናግራችሁ እስክትጨርሱ የሚቆይም አለ።

ጠርሙሱ ሥር ዝቃጭ ካያችሁ አትደንግጡ። የወይኑ አምቡላ በሉት። ጠርሙሱን ቀጥ አድርጋችሁ አቆዩት፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ጆግ ገልብጡት፣ ዝቃጩ ሲመጣ አቁሙ። ወጣት ሆኖ አፍ የሚያስር ወይንም ጆግ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አየር ቢያገኝ ሽታው ከፈት ይላል።

ከዶሮ ወጥ ጋር ይሄዳል ወይ?

ይህ ነው የእኛ ትልቁ ጥያቄ። "ቀይ ወይን ከቀይ ሥጋ" የሚለው ደንብ በርበሬ በሌለበት አገር የተባለ ነው።

የበርበሬ ማቃጠል ጣዕም አይደለም። ምላሳችን ላይ ትኩስ ነገር የሚያውቅ ተቀባይ አለ፤ በርበሬ እሱን ያታልለዋል፣ አፍ የተቃጠለ ይመስለዋል። አልኮልም እዚያው ተቀባይ ላይ ይሠራል። ስለዚህ 14 ፐርሰንት አልኮል ያለው ወይን ከሚያቃጥል ወጥ ጋር ሲገናኝ እሳት በእሳት ላይ ነው። ታኒኑ ደግሞ በተቃጠለው አፍ ላይ ሸካራ ሆኖ ይሰማል። ከዚህም ሌላ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ለሰዓታት ሲቁላላ ጣፋጭ ይሆናል፤ ጣፋጭ ምግብ ደግሞ ደረቅ ወይንን ኮምጣጣና መራራ ያደርገዋል። አጎቴ በዚያ ሠርግ የጠጡት ደረቅ ወይን፣ ሞቆ፣ ከዶሮ ወጥ ጋር ነበር። ሦስቱም አንድ ላይ መጡባቸው።

ከዶሮ ወጥ ጋር ቀይ ካስፈለገ ጣፋጩን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ አቅርቡ። ስኳር የበርበሬውን ጉልበት ያበርደዋል። ደረቅ ብቻ ካላችሁ አይቡን አብዙት፤ ስቡና ፕሮቲኑ ታኒኑን ይይዝላችኋል፣ ምላስንም ያሳርፋል።

ደረቅ ቀይ ቦታውን የሚያገኘው ጥብስ ላይ ነው። የበግ ጥብስ፣ ቅቤ የነካው፣ ጨው የያዘ፣ የጥብስ ቅጠል የገባበት። ስቡ አፉን ይሸፍናል፣ ታኒኑ ያጥበዋል፣ ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይሆናል። ጨውም የወይኑን መራራነት ያለሰልሰዋል። ሲራ ከሆነማ ቁንዶ በርበሬውና የጥብስ ቅጠሉ ይገናኛሉ፤ ነሐሴ ላይ ደብረ ማርቆስ የበላነው ይኸው ነበር። አጎቴ ብርጭቆውን አሸተቱና "ዶቅማ" አሉ። ማንም አልነገራቸውም። ቁርጥም ጥሩ ነው፣ ሚጥሚጣው ላይ ረጋ ካላችሁ። አልጫና ቅቅል ቀለል ያለ ሜርሎ ይወዳሉ፣ ሽሮም በርበሬው ካልበዛ እንዲሁ።

እንጀራውንም አትርሱ። ኮምጣጣ ምግብ ወይኑን ያነሰ ኮምጣጣ ያስመስለዋል። ደንበኛ የአገራችን የጤፍ እንጀራ በደንብ ሲቦካ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ ኮምጣጣነት የሌለው ወይን ከሱ ጋር ልሙጥ ይሆናል፣ ውሃ ውሃ ይላል። ለእንጀራ ምራቅ የሚያመጣ ወይን ምረጡ። ብቻውን ስትጠጡት ትንሽ የኮመጠጠ የሚመስለው ከእንጀራ ጋር ልኩን ያገኛል።

የጣና ዓሣ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ወይን ውስጥ ያለ ብረት ከዓሣ ስብ ጋር ሲገናኝ አፍ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም ያመጣል። ቀይ ወይን ብዙ ጊዜ ብረቱም ታኒኑም ይበዛል። ለተጠበሰ ቆሮሶ ነጭ ወይን ይሻላል። አምባዛ ጉላሽ ሆኖ በቲማቲም ከተሠራ ቀለል ያለ ቀዝቃዛ ቀይ መሞከር ይቻላል። የሠርግ ኬክን ከደረቅ ቀይ ጋር አታጋጥሙ፤ ኬኩን በቡና ብሉት።

ኮካ መቀላቀልስ?

ብዙ ሰው ወይንን በኮካ ወይም በስፕራይት ይጠጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስኳሩ ታኒኑንና ኮምጣጣነቱን ይሸፍናል፣ ቅዝቃዜው ሙቀቱን ያጠፋል። ለሞቀ ደረቅ ወይን መፍትሔ ሆኖ የመጣ ነገር ነው። ነውር የለውም። ግን ከራሱ እርሻ ለተመረተ፣ ለዓመት ለተደከመበት ወይን ከሆነ መጀመሪያ በልኩ አቀዝቅዛችሁ፣ ከጥብስ ጋር አንድ ብርጭቆ ብቻውን ሞክሩት። ካልወደዳችሁት ጣፋጩን ግዙ። ኮካው ገብቶበት የዝዋይን ከየትም ከመጣ ሌላ ወይን መለየት አይቻልም፤ ለእርሻው የከፈላችሁት ትርፍ ገንዘብ እዚያ ይቀራል።

ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል አይደል?

ጥቂቱ ብቻ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ወይን በወጣ በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ታኒኑና ኮምጣጣነቱ የበዛ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ የተቀመጠ ነው፤ ቡፌ ላይ ለጌጥ አምስት ዓመት የቆመ ጠርሙስ ያን ዕድል አላገኘም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ፍሬው የተለቀመበት ነው፣ ብዙውን ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ፤ በእኛ አስባችሁ ያረጀውን አዲስ እንዳታደርጉት። ቡሽ ያለውን ጠርሙስ አጋድማችሁ አስቀምጡ፣ ቡሹ ከደረቀ አየር ያስገባል። በቆርቆሮ ክዳን የተዘጋ ከሆነ ቢቆምም ግድ የለም።

ስንት ብርጭቆ ይወጣዋል፣ የተረፈውስ?

አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። አንድ ብርጭቆ ወይን ውስጥ ያለው አልኮል ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ትንሽ ይበልጣል። ለመኪና ነጂና ለነፍሰ ጡር አይቀዳም፣ ከ21 ዓመት በታች ላለም መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ጎን ለጎን ውሃ አቅርቡ።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት። ቀይም ቢሆን። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል፣ ስትጠጡት ቀደም ብላችሁ አውጡት። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ትንሽ ከሆነ ወደ አነስተኛ ጠርሙስ ገልብጡት፣ አየሩ ያንሳል። ከዚያ ካለፈና አቼቶ መሽተት ከጀመረ ድስት ውስጥ ሥጋ ሲጠበስ ጠብ አድርጉበት፣ ወይም ዘይትና ጨው ቀላቅላችሁ ሰላጣ ላይ አፍስሱት።